ሁለት መቶ ግራም

የኔ ሥራ መቁጠር ነው።
ፎርታሌዛ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ባሕሩ የማይታይበት ክፍል፤
ማን ማንን እንደጠቀሰ፣ ማን ከማን ጋር እንደጻፈ
እለቅማለሁ እንደ ምስር፣ ጠጠሩን ከፍሬው ልከፍል።

በመስከረም አንድ ፋይል መጣ፦ ዶክተር ዡሬማ ካቫልካንቲ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት በሰርታው፣ በእሾሃማው ደረቅ ምድር
ከጤና ኬላ ጤና ኬላ ስትዞር የኖረች ሴት።
«ተጽዕኖዋ ይለካልን፤ ትብብሯም በቁጥር ይስፈር።»

ሰፈርኩት።
አንድ መቶ አሥራ ስምንት ጽሑፍ። ኢንዴክሷ ሠላሳ አራት።
የተጠቀሰችበት ብዛት ስድስት ሺህ ከምናምን።
(አለቃዬ «ምናምን» አይወድም፤ በኋላ አስተካከልኩት።)

ከዚያ ካርታውን ሣልኩ፤
ኮምፒውተሩ ነው የሣለው፣ እኔማ ቁልፍ ነው የነካሁ።
ሳኦ ፓውሎ ወፍራም ነጥብ፣ ሊዝበን ወፍራም፣ ጄኔቫ ወፍራም፣
መሥመር በመሥመር ተደርቦ የሸረሪት ድር መሰለ።
ከድሩ ጫፍ፣ ከዳር ላይ ግን፣ በአንዲት ቀጭን ክር ብቻ
ትንኝ የምታህል ነጥብ ተንጠልጥላለች።

ስም፦ ዙሌይዲ ፌይቶዛ። ዩኒቨርሲቲ፦ የለም።
ማዕረግ፦ የለም።
የጻፈችው፦ አንድ። የጠቀሳት፦ የለም።

ያቺን አንዷን ፈልጌ አገኘኋት። አራት ገጽ፣ በገዛ ቋንቋችን፣
ዛሬ በተዘጋ መጽሔት። ርእሷ እንዲህ ይላል፦
«በፔድራ ሙዳ ጤና ኬላ ስላለው የሕፃናት ሚዛን።»

ዙሌይዲ በብስክሌት ቤት ለቤት የምትዞር የጤና ሠራተኛ፤
ጉንጩ የጎደጎደ፣ ክንዱ የከሳ ሕፃን ታገኛለች፣
ወደ ሚዛኑ ታመጣዋለች፤ ሚዛኑ «ደህና ነው» ይላል።
እናትየው ያለ ዱቄት ወተት ትመለሳለች፤
መዝገብ እያለ ዓይን ማንን ያሳምናል?

አንድ ማክሰኞ አንድ ኪሎ ስኳር ገዛች፤
ጨርቅ አንጥፋ፣ እንደ ሕፃን፣ ሚዛኑ ላይ አስተኛችው።
አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ።
ባለሱቁ ደግ ሆነ እንዴ? ደግ ባለሱቅ አታውቅም።
ከሌላ ሱቅ ሌላ ገዛች፣ ከሦስተኛውም ሦስተኛ፤
ሦስቱም ሁለት መቶ ጨመሩ።

ያኔ ዡሬማ በሌላ ገንዘብ፣ ለሌላ ጥናት፣
መጥታ ነበር። ዙሌይዲ ስኳሩን ፊቷ አኖረችው፦
«ዶክተር፣ እስቲ ይቺን መዝኚልኝ።»

አሥራ ሰባት ኬላ ዞሩ፣ ስኳሩን በጆንያ ጭነው።
አሥራ አንዱ ሚዛን ይዋሻል።
ስንቱ ልጅ ሁለት መቶ ግራም በውሸት ተመርቆለት
ሳይበላ ጠግቧል ተብሎ እንደተመለሰ
ሠንጠረዥ ሁለት ይናገራል፤ እኔ እዚህ አልደግመውም።

«ይቺን ጽሑፍ ልሰርዛት? አማካይዎን ታወርዳለች» ብዬ ደወልኩ።
ሳቀች፣ ወይም ሳለች፤ መሥመሩ ጥሩ አልነበረም።
«ማን ይጠቅሳታል?» አለች። «በየካቲት አሳተምን፣
በሰኔ አዲስ ሚዛን ገባ። የሻረ ቁስል ማን ያካል?
ያቺኛዋ፣ ሁለት ሺህ ጊዜ የተጠቀሰችው፣
ግማሾቹ ተሳስታለች ሊሉ ነው የጠቀሷት።
ደግሞ ልክ ናቸው።»
«ዙሌይዲስ?»
«ጡረታ ወጣች። ጉልበቷን ያማታል። ደውልላት።»

አልደወልኩም። ምን ልበል? «እመቤቴ፣ ዜሮ ነዎት»?

ቅጹ ዜሮ አይወድም፤ ረድፏን በቀይ ሰረዘብኝ።
ከግርጌ «ሌላ ካለ» የምትል ጠባብ ሣጥን አለች፤
ሁለት መቶ ፊደል ብቻ ትይዛለች።
ሁለት መቶ! ብቻዬን ሳቅሁ።
ስለ ስኳሩ፣ ስለ ጨርቁ፣ ስለዚያች ማክሰኞ ጻፍኩ፤
ሣጥኗ ሞልታ ከቃል መሃል ቆረጠችኝ።
እንዲህ እንደሆነ ተልኳል፦

«…ከዚያ ወዲህ በፔድራ ሙዳ የተመዘኑ ልጆች ክብደታቸው በትክ